ልትለቀቅ የማትችል ድመት፦ አካል ጉዳተኛ እንስሳ በመጠለያ እንዴት ትኖራለች?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ድመት አስራ በረሃብ እስክትሞት በመተዋ ለእሳት ስለተዳረገችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ብዙዎቻችን ከዚህ ሐዲስ የምንይዘው «እንስሳን ማሰቃየት ከባድ ወንጀል ነው» የሚለውን ነው። ትክክል ነው። ግን ሐዲሱ አንድ ተጨማሪ ነገር ይነግረናል። ሴትዮዋ ሁለት መውጫ ነበራት፤ ወይ ራሷ መመገብ፣ ወይ ለቅቃት ከምድር ላይ ከምታገኘው እንድትበላ መተው። ወንጀሏ ሁለቱንም መዝጋቷ ነው።

እስቲ መኪና ገጭቷት የኋላ እግሮቿ የማይንቀሳቀሱትን ድመት እናስብ። ሁለቱም ዓይኖቿ የጠፉትንም እናስብ። ለእነዚህ ሁለተኛው መውጫ የለም። ቢለቀቁ አይጥ አይዙም፣ ከውሻ አያመልጡም፣ ከመኪና አይሸሹም። እንዲህ ያለች ድመት በእጃችን ከገባች የሚቀረን አንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም መንከባከብ ነው። የአካል ጉዳተኛ እንስሳት መጠለያዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ መጠለያ በምሳሌነት እናነሳለን፤ ከዚያም የየዕለቱ እንክብካቤ ምን እንደሚጠይቅ፣ ከጧሃራና ከወጪ አንጻር ምን ማወቅ እንዳለብን እናያለን።

ከሐለብ የተነሳው መጠለያ

የሶሪያዋ ሐለብ በጦርነት ስትታመስ ብዙ ቤተሰቦች ነፍሳቸውን ይዘው ሲሰደዱ ድመቶቻቸውን መውሰድ አልቻሉም። ሙሐመድ ዐላእ አል-ጀሊል ከጦርነቱ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ቁስለኞችን በመኪና ወደ ሕክምና ማመላለስ ያዘ፤ ከዚያም ባለቤት አልባ የሆኑትን ድመቶች መመገብ ጀመረ። የድመቶቹ ቁጥር እያደገ ሄዶ ከመቶ አለፈ። በጣሊያን የምትኖር አንዲት ሴት እርዳታ በማሰባሰብ አገዘችው፤ መጠለያውም በእሷ ድመት ስም «ኤርኔስቶ» ተባለ።

በ2016 መጨረሻ መጠለያው በቦምብ ተመታ፤ ምሥራቃዊው የሐለብ ክፍል ነዋሪዎቹን ሲያጣም ዐላእ ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። በ2017 ከሐለብ በስተምዕራብ ባለችው ከፍር ናሃ መጠለያውን እንደገና ከፈተ። ጦርነቱ ወደዚያም ሲጠጋ ሥራው ወደ ኢድሊብ አካባቢ ተሻገረ። ታሪኩ በ2019 በመጽሐፍ ታትሟል።

«ሰው እያለቀ ለድመት?» የሚል ጥያቄ በሁሉም ቦታ ይነሳል። በዚህ ታሪክ ውስጥ መልሱ በተግባር የታየ ነው። ቁስለኛ ሰው ያነሳው እጅ ነው ድመቷንም ያበላው። በመጠለያው ዙሪያም ለሕፃናት መጫወቻ ተሠርቷል፤ ለየቲሞችም እርዳታ ደርሷል። እዝነት ለአንዱ ስትሰጥ ለሌላው የምታልቅ ነገር አይደለችም።

የጉዳት ዓይነቶች

ወደ መጠለያ የሚመጡ ልዩ እንክብካቤ የሚሹ ድመቶች በአብዛኛው ከሚከተሉት አንዱ ይገጥማቸዋል።

አከርካሪያቸው ወይም ጅራታቸው ሥር ያለው ነርቭ የተጎዳ አሉ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የመኪና ግጭት፣ ከፍ ካለ ቦታ መውደቅ ወይም ጅራት መጎተት ነው። ልጆቻችን የድመት ጅራት ሲጎትቱ እንደ ጨዋታ ማየት የለብንም። ወደ ሽንት ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች ከጅራቱ ሥር ናቸውና አንድ ኃይለኛ ጉተታ ድመቷ ሽንቷን መቆጣጠር እንዳትችል ሊያደርጋት ይችላል።

ዓይነ ስውሮች አሉ። ግልገል ሳሉ በሚይዛቸው ከባድ የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ ምክንያት ዓይናቸው ቆስሎ የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው።

ሲራመዱ የሚንገዳገዱ፣ ራሳቸው የሚንቀጠቀጥ ድመቶችም አሉ። እናታቸው እርጉዝ ሳለች ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ ሲይዛት የግልገሎቹ ሚዛን ጠባቂ የአንጎል ክፍል ሳያድግ ይቀራል። የሚያይ ሰው «ታማለች፣ ትሰቃያለች» ይላል። እውነቱ ግን ይህ ሁኔታ ሕመም የለውም፤ እየባሰም አይሄድም። እንዲህ ያለች ድመት እንደማንኛዋም ድመት ረጅም ዕድሜ ልትኖር ትችላለች።

ሽባ ድመትን መንከባከብ

ከሁሉም ከባዱ የኋላ እግሯ የማይሠራ ድመት ናት። ሰው የሚያስበው ስለ እግሯ ነው፤ ሕይወቷን የሚወስነው ግን ፊኛዋ ነው። ነርቩ የተጎዳባት ድመት ብዙ ጊዜ ሽንቷን በራሷ ማስወጣት አትችልም። ሽንቱ ሲጠራቀም ፊኛው ይለጠጣል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ጉዳቱም ወደ ኩላሊት ይሻገራል። ጨርሶ ሳይወጣ ከቀረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላታል።

ስለዚህ ተንከባካቢው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሆዷን በሁለት በኩል ይዞ ፊኛዋን ቀስ አድርጎ በመጫን ሽንቱን ያወጣላታል። ይህን ከእንስሳት ሐኪም እጅ አይቶ መማር ያስፈልጋል። በኃይል የሚጫን ሰው ፊኛውን ሊያፈነዳ ይችላል። ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ደም ከታየበት ወይም ሽታው ከተለወጠ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። አንጀቷም ስለሚደክም ድርቀት እንዳይዛት እርጥብ ምግብና በቂ ውሃ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቆዳ ነው። የሽንት እርጥበት ያቃጥላል፤ በሲሚንቶ ላይ መጎተትም ያቆስላል። መኝታዋ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ በየቀኑ መቀየር አለበት። የኋላ አካሏ በለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያም በደንብ ይደርቃል። ቁስል ሲጀምር ትንሽ ቀይ ነጥብ ነው፤ ያኔ ያላየው ሰው በሳምንቱ የሚያገኘው ጥልቅ ቁስል ነው። ትንንሽ ጎማ ያለው መንቀሳቀሻ የሚሠራላቸው ድመቶች አሉ። ቀኑን ሙሉ የሚታሰር ግን አይደለም፤ በሰዓት ተወስኖ፣ ሰው እያየ ነው።

በጉዳቱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተወሰነ መሻሻል የሚያሳዩ አሉ። ስለዚህ መጠለያዎች ፈጥነው ተስፋ አይቆርጡም። በሌላ በኩል ድመት እስከ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ያለችን ድመት የሚቀበል ሰው ለዓመታት የሚዘልቅ አማና መቀበሉን ማወቅ አለበት።

ጧሃራና ሶላት

አንዳንድ ሙስሊሞች ከዚህ ሥራ የሚርቁት ስለ ሶላታቸው በመስጋት ነው። ጉዳዩ ግን ግልጽ ነው።

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዉዱእ ሊያደርጉ ሳለ ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስታያቸው፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚዘዋወሩት መካከል መሆኗን እንደተናገሩ ነገሯት። ይህን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል። በዚህም መሠረት የድመት ምራቅና ላብ ንጹሕ ነው። የሐነፊ ዑለሞች ሌላ ውሃ እያለ ድመት በጠጣችበት ዉዱእ ማድረግን ይጠላሉ እንጂ ነጃሳ ነው አይሉም።

ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ ነጃሳ ነው። የሽባ ድመት ተንከባካቢ ይህ በየቀኑ ይነካዋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛ፣ ነጃሳ መንካት ዉዱእ አያፈርስም፤ የነካው ቦታ ብቻ ይታጠባል። ሁለተኛ፣ ሶላት የሚሰገድበት ልብስና ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው። ለሥራው የተለየ ልብስና ጓንት መያዝ፣ የመስገጃ ልብስና ምንጣፍ ድመቷ ከማትደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ከጤና አንጻርም የምትጸዳዳበት ዕቃ በየቀኑ ሊጸዳ ይገባል። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ በየዕለቱ የሚያጸዳ ሰው ይቀድመዋል። እርጉዝ እህቶች ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ቢተዉት ይሻላል።

ዓይነ ስውሯና የምትንገዳገደዋ

እነዚህ ከሽባዋ ይልቅ የሚቀሉ ናቸው። ዓይነ ስውር ድመት ቤቱን በጢሟ፣ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ታጠናለች። ከእኛ የምትፈልገው ነገሮች ከቦታቸው እንዳይነሱ ነው። የምግብ ሳህኗ፣ ውሃዋና የምትጸዳዳበት ዕቃ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁኑ። ከመንካታችን በፊት ድምፅ እናሰማት፤ ድንገት የተነካች ድመት ደንግጣ ትቧጭራለች። ወደ ውጭ ግን ብቻዋን አትለቀቅም።

ለምትንገዳገደዋ ደግሞ የማያንሸራትት ወለል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለና የማይገለበጥ ሳህን፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ መጸዳጃ ይዘጋጅላታል። ደረጃና ሰገነት ይዘጋባታል። ሦስት እግር የቀራት ድመት ከሁሉም በፍጥነት ትለምዳለች፤ ለእሷ ዋናው አደጋ ውፍረት ነው፤ ክብደት ሲጨምር የቀሩት እግሮች ይጎዳሉ።

በቤታችን የሚሠሩ ስህተቶች

ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗ ሊጠፋ፣ ልቧም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ እንጀራና ወተት ብቻ እየሰጡ ማቆየት በቂ አይደለም። የላም ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ለግልገል ደግሞ ተቅማጥ ገዳይ ነው። ወጥ የነካው እንጀራም ጥሩ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። የምንሰጣት ሥጋ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ አጥንት የተቀቀለ ይሁን።

ከሁሉም የከፋው መድኃኒት ነው። ድመት ስታመም አይተን ከቤት ፓራሲታሞል መስጠት ማለት መርዝ መስጠት ነው። ጉበቷ ይህን መድኃኒት መፍጨት አይችልም፤ አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ፐርሜትሪን ካለበት ለድመት አደገኛ ነው።

መንገድ ላይ የተጎዳች ድመት ካገኘን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን፣ ጀርባዋን ሳናጥፍ፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰዳት። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ለአካባቢው ሰዎች አንዱ አማራጭ ነው። ሕመም የያዛት ድመት ትነክሳለችና እንጠንቀቅ። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ድመትም ታስተላልፋለች። የነከሰችውን ወይም የቧጨረችውን ቦታ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥበን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታችን ነው።

ወጪው ከየት ይምጣ?

የዘካ ተቀባዮች በቁርኣን ሱረቱ-ተውባህ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ናቸው፤ እንስሳት ከእነሱ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ለመጠለያ የሚሰጠው ከሰደቃና ከወቅፍ ነው። ለውሻ ውሃ ያጠጣው ሰው ታሪክ ሲነገር፣ ሕያው ለሆነ ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል።

ቀደምቶቻችን ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። በቱርክ ቡርሳ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክንፋቸው ተሰብሮ ከመንጋው ጋር መሰደድ ላልቻሉ ሽመላዎች መታከሚያ ቤት ነበር። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙት፣ በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒይ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ኪታባቸው የእንስሳትን ሐቆች ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ እንስሳው በማይድን ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ምንም የማይጠቅመው ቢሆን እንኳ ሊቀልበው እንደሚገባ ጽፈዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ነጥብ ሊያዝ ይገባል። አይጥ የምትይዝ ድመት ቀለቧን ራሷ ከፍላለች። ሽባዋ ግን ምንም አትሰጠንም። ለእሷ የምናደርገው ሁሉ ምላሽ የማይጠበቅበት ነው፤ ምላሹም ከአላህ (ሱ.ወ) ዘንድ ብቻ ነው። ሁላችንም መጠለያ መክፈት አንችልም። የጎረቤትን የተጎዳች ድመት ሐኪም ቤት ማድረስ፣ መድኃኒቷን መግዛት፣ ባለቤቱ ሲጓዝ ለጥቂት ቀናት መረከብ ግን የብዙዎቻችን አቅም ነው። በእጃችን ያለችውን ደግሞ፣ መልቀቅ ካልቻልን መመገብ ግዴታችን ነው።

ወላሁ አዕለም።