«አውታር» ወይስ «እጥፋት»? ስለ ወንድና ሴት ድምፅ ስያሜዎች

ስለ ንግግር ድምፆች የተጻፉ የውጭ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለት ስያሜዎች ተርጓሚውን ያስቸግሩታል። አንደኛው በማንቁርት ውስጥ ድምፅን የሚያመነጨው አካል ስም ነው፤ ሁለተኛው የወንድና የሴት ድምፅ የሚለያዩበት ባሕርይ ስም ነው። ሁለቱም የሚገናኙት በዚሁ አካል መጠን ላይ ስለሆነ እዚህ አንድ ላይ እንመለከታቸዋለን።

አካሉን «የድምፅ አውታር» ማለት የተለመደ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ አካል ሊቅ አንቷን ፌሬንም እ.ኤ.አ. በ1741 ዓ.ም. አካሉን ከመሰንቆ መሰል መሣሪያ አውታር ጋር አመሳስሎት ነበር። ይሁን እንጂ አካሉ እንደ በገና አውታር የተወጠረ ክር አይደለም። በጡንቻ ላይ ጅማት፣ በጅማቱም ላይ ስስ ልባስ ተደራርቦበት ከማንቁርት ግድግዳ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሥጋ ነው። ስለዚህ «የድምፅ እጥፋት» የሚለውን እንመርጣለን። «ጅማት» የሚለው ቃል ደግሞ በእጥፋቱ ውስጥ ላለው ለእውነተኛው ጅማት ሊቆይ ይገባዋል።

በጉርምስና ጊዜ የወንድ ማንቁርት ከሴቷ ይበልጥ ያድጋል፤ እጥፋቱም ይረዝማል፣ ይወፍራልም። የሚርገበገበው የእጥፋቱ ክፍል በአዋቂ ወንድ 16፣ በአዋቂ ሴት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በተለመደ ንግግር የወንዱ በሴኮንድ 125 ጊዜ፣ የሴቷ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ነገር ግን የርዝመት ነገር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ድምፁን ሲያቀጥን እጥፋቱ ተስቦ ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ ድምፁ የሚቀጥነው እጥፋቱ ስለሚወጠርና ስለሚሳሳ ነው።

ይህን ልዩነት እንግሊዝኛ በ«ከፍተኛ» እና በ«ዝቅተኛ» ይገልጸዋል። ቃል በቃል ተርጉሞ «የሴት ድምፅ ከወንድ ድምፅ ከፍ ያለ ነው» የሚል ሰው ግን ለአማርኛ አንባቢ «ሴቶች ይጮኻሉ» እንዳለ ይቆጠራል። አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ «ወፍራም» እና «ቀጭን» የሚሉ የራሱ ቃላት አሉት፤ እነርሱም ከእጥፋቱ ተፈጥሮ ጋር ይስማማሉ።

በመሆኑም «ወፍራም» እና «ቀጭን» ለርግብግቢቱ ፍጥነት፣ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» ለድምፁ ጉልበት ብቻ እንዲውሉ ሐሳብ እናቀርባለን። ሕዝቡ አስቀድሞ የለየውን ተርጓሚው መልሶ ሊያደባልቀው አይገባም።