ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒት፤ ዓላማውና የሚጠይቀው ዝግጅት

የቀዶ ሕክምና ውጤት የሚታወቀው ቁስሉ ተሰፍቶ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው በራሱ መተንፈስ እስኪችል፣ የደም ግፊቱ እስኪስተካከልና ራሱን እስኪያውቅ ድረስ ያሉት ሰዓታትና ቀናት ሕይወቱ የሚወሰንባቸው ናቸው። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የማረጋጊያ መድኃኒት ከሕክምና ባለሙያዎች ውጭ እምብዛም ባይታወቅም፣ የአሰጣጡ ጥራት ግን በበጀት፣ በሰው ኃይል ምደባና በመድኃኒት አቅርቦት ላይ ከሚተላለፉ የአስተዳደር ውሳኔዎች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደምቢያ ሜዳ የምትገኘው ኮላ ድባ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት እንደ ኮላ ድባ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የታቀደ ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድን የመሳሰሉ አስቸኳይ ሕክምናዎችን ያከናውናል። የጽኑ ሕሙማን ክትትል የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ግን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይላካል። በመሆኑም ማረጋጊያ መድኃኒት በአምቡላንስ ውስጥም ጭምር ሊያስፈልግ ይችላል።

ከባድ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ብዙ ደም የፈሰሰው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ ገብቶለት በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዳል። ቱቦው መናገር ይከለክላል፤ ያስጨንቃልም። ሕመምና ፍርሃት ሲደራረቡ የልብ ምት ይጨምራል፤ ሕመምተኛው ቱቦውን ነቅሎ ራሱን ለአደጋ ሊያጋልጥም ይችላል። ማረጋጊያ መድኃኒት የሚሰጠው ይህን ለመከላከል ነው።

ይህ አሰጣጥ በቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚሰጠው ሙሉ ሰመመን የተለየ ነው። በአብዛኛው የሚፈለገው ሕመምተኛው ተረጋግቶ፣ በስሙ ሲጠራ ዓይኑን እንዲገልጥ ነው። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት የሪችመንድ መለኪያ በሚባለው ዘዴ ሲሆን፣ መለኪያው ከ+4 እስከ -5 ይደርሳል። ዜሮ የነቃና የተረጋጋ ሕመምተኛን ሲያመለክት፣ -5 ደግሞ ሲነካም የማይነቃውን ያመለክታል። ጥልቅ ማስተኛት የጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመርን ለመሳሰሉ ውስን ሁኔታዎች ብቻ የሚመረጥ ነው።

ከመጠን በላይ የተኛ ሕመምተኛ ከመሣሪያው ለመላቀቅ ይዘገያል፤ ለሳንባ ምች ይጋለጣል፤ ጡንቻው ይዝላል። እ.ኤ.አ በ2000 በአሜሪካ በ128 ሕሙማን ላይ የተካሄደ ጥናት ማረጋጊያውን በየቀኑ ለጊዜው በማቋረጥ ሕሙማኑን ማንቃት፣ በመሣሪያ የሚተነፍሱበትን መካከለኛ ጊዜ ከ7.3 ቀን ወደ 4.9 ቀን እንደቀነሰው አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም አስቀድሞ ሕመምን ማስታገስን፣ ቀጥሎም በቀላል መጠን ማረጋጋትን ይመክራል።

የሚታወክ ሕመምተኛ ሲያጋጥም አስቀድሞ ምክንያቱ መጣራት ይኖርበታል። የኦክስጅን እጥረት፣ ያልታገሰ ሕመም፣ የደም ስኳር ማነስ ወይም የሽንት ፊኛ መወጠር ሊሆን ይችላል። ኦክስጅን ያጠረውን ሰው በመድኃኒት ማስተኛት ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታውም።

የመድኃኒቶቹ ጠባይም ይለያያል። ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሲደጋገም መንቃትን ያዘገያል። ፕሮፖፎል ፈጥኖ ይለቃል፤ ሆኖም የደም ግፊት ይቀንሳል። ኬታሚን ሕመምንም ስለሚያስታግስና በአብዛኛው የራስን መተንፈስ ስለማያዳክም፣ መሣሪያ ባልተሟላበት ሆስፒታልና በሕሙማን ዝውውር ወቅት ጠቃሚ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከመጋዘን ሲጠፋ ባለሙያው የሚመርጠው ለሕመምተኛው የተሻለውን ሳይሆን የተገኘውን ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ በአልጋው አጠገብ የሚገኘው ነርስ ነው። ሕመምተኛን በቀላል መጠን አረጋግቶ ማቆየት በየሰዓቱ መመልከትን፣ መለካትንና መጠኑን ማስተካከልን ይጠይቃል። በሌሊት ተራ አንድ ነርስ ብዙ ጽኑ ሕሙማንን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሁሉንም በጥልቀት ማስተኛት የተሻለ መፍትሔ መስሎ ይታያል። የዚህም ዋጋ ለተጨማሪ ቀናት በሚያዝ አልጋ፣ በሚባክን ኦክስጅንና አንዳንዴም በሰው ሕይወት ይከፈላል።

አስታማሚ ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከሰመመን የሚነቃ ሕመምተኛ፣ በተለይም አረጋዊ፣ ቀንና ሌሊቱን ሊያደናግርና የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። የሚያውቀው ሰው በስሙ ጠርቶ ዕለቱንና ያለበትን ቦታ ሲነግረው መረጋጋቱ ይታገዛል። ስለዚህ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ማስረዳትና በሥርዓት እንዲጎበኝ መፍቀድ የሕክምናው አካል ነው።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2016 አስተማማኝ ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋት ብሔራዊ ንቅናቄ መጀመሩ ይታወሳል። ንቅናቄው ግቡን የሚመታው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክትትልም አብሮ ሲታቀድ ነው። በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች የሌሊት ተራ ምደባ፣ የሕመም ማስታገሻና የማረጋጊያ መድኃኒቶች ክምችት፣ የአምቡላንስ ኦክስጅንና የደም ኦክስጅን መለኪያ መሟላታቸውን በዕቅድና በሪፖርት ሊከታተሉ ይገባል። ከኮላ ድባ ተነስቶ ጎንደር የሚደርስ ሕመምተኛ በሰላም ነቅቶ ወደ ቤቱ መመለሱ በእነዚህ ዝግጅቶችም ላይ የተመሠረተ ነውና።