ዕዳው ለማን ተከፈለ?

በጥምቀት ሰሞን በቤተ ክርስቲያን ደጋግሞ የሚነገር ትምህርት አለ። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ሰይጣን መከራ አጸናባቸው፤ እነርሱም ባሪያዎችህ ነን ብለው የዕዳ ደብዳቤ ጻፉለት። አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ደበቀው። ክርስቶስ የመጀመሪያውን ሲጠመቅ፣ ሁለተኛውን ሲኦል ወርዶ ደመሰሰው። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ፍርድና ስለ ቤዛነት ክርስቲያኖች ለዘመናት የተከራከሩበት ጥያቄ በዚህ ትምህርት ውስጥ አለ፤ የሰው ዕዳ ለማን ነበር?

ቤዛ ምርኮኛ ወይም ባሪያ የሚለቀቅበት ዋጋ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጀን ዋጋው ለሰይጣን እንደተከፈለ አስተማረ። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሰይጣንን መንጠቆ በዋጠ ዓሣ መሰለው። የዚያው ዘመን ሰው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ግን ይህን አልተቀበለም። ወንበዴ እንዴት ያን የመሰለ ዋጋ ይወስዳል? ለአብ ተከፈለ እንዳንልም፣ ይስሐቅን ከአብርሃም እጅ ያልተቀበለ አምላክ በልጁ ደም እንዴት ይደሰታል? ለእኔ ከዚህ የሚጠነክር ጥያቄ በክርክሩ ሁሉ አልተነሣም።

የምዕራቡ መልስ መልኩን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1098 ገደማ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም ባጠናቀቀው መጽሐፍ ነው። ኃጢአት የእግዚአብሔርን ክብር መንፈግ ነው፤ መካስ የሚገባው ሰው ነው፣ መካስ የሚችለው ግን አምላክ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ። ፈረንሳዊው መምህር አቤላርድ ደግሞ በመስቀሉ የተገለጠው ፍቅር የሰውን ልብ እንደሚመልስ አጎላ። የተሐድሶ መሪው ካልቪን ጉዳዩን ወደ ችሎት ወሰደው፤ ክርስቶስ የእኛን ቅጣት በእኛ ፈንታ ተቀበለ አለ። ጣሊያናዊው ሶሲኑስ በ1594 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዕዳው ከተከፈለ ይቅር የተባለው ምኑ ነው ሲል ሞገተ። በ1930 ስዊድናዊው ጉስታፍ አውሌን መስቀሉ ከሁሉ በፊት በሞትና በሰይጣን ላይ የተገኘ ድል እንደሆነ አስታወሰ። የእኛ የዮርዳኖስ ትምህርት ለዚህኛው ይቀርባል።

ስለ ኃጢአት የተደረገው ሙግት ከአንዲት ሐረግ ጋር የተቆራኘ ነው። አውግስጢኖስ ሮሜ 5፥12ን በላቲን ሲያነብ፣ ሰዎች ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆነው እንደበደሉ ተረዳ። ግሪኩን ያነበቡት የምሥራቅ አባቶች ይበልጥ የተናገሩት ስለወረስነው ሞትና መበላሸት ነው። ፔላጊዮስ ሰው ከፈቀደ ትእዛዙን መፈጸም ይችላል ብሎ በማስተማሩ ትምህርቱ በ418 በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። ኃጢአት ወንጀል ከሆነ ዳኛ፣ ደዌ ከሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ንስሐ ያየ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ስለ መጨረሻው ፍርድ ስናስብ ልባችን ወደ በላዔ ሰብእ ይሄዳል። ይህ ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ አጠጣ። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ በውኃው ላይ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍ ምሕረት አገኘ። የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲከበር ይህ ይተረካል። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች፣ የተገደሉት ሰዎች ፍትሕ የት ገባ፣ የመስቀሉስ ሥራ አልበቃም ወይ ይላሉ። ኦርቶዶክሳውያን ኪዳኑ የልጇ ስጦታ እንደሆነ፣ ውኃውም በእርሱ ምሕረት እንደተቈጠረ ይመልሳሉ። የሟቾቹ ጥያቄ ግን እኔን አሁንም ይይዘኛል። ሰባ ስምንቱ ነፍሳት በዚያ ሚዛን አጠገብ ቆመው ሲመለከቱ ይታየኛል፤ ትረካውም ምን እንዳሉ አይነግረንም።