ከአውሮፕላኑ የወረዱት ሰባቱ

አሌክስ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹና ከመምህራኑ ጋር ወደ ፓሪስ ሊበር ኒውዮርክ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ልጃገረዶች ይመጡና ቦታ ቀይረን ብለው ይለምኑታል። እሺ ብሎ ይነሣል። አዲሱ ወንበር ጋ ያለችው ታጣፊ ጠረጴዛ መቀርቀሪያዋ ተሰብሮ እጁ ላይ ይቀራል። አውሮፕላኑ ይነሣል፣ ይንገጫገጫል፣ ጎኑ ይቀደዳል፣ እሳቱ በወንበሮቹ መሐል እየተምዘገዘገ ወደ ፊቱ ይመጣል።

ባንኖ ሲነቃ አውሮፕላኑ ገና ከመሬት አልተነሣም። ልጃገረዶቹ ግን መጥተው ያንኑ ልመና ይለምኑታል። ዘሎ ወደዚያ ወንበር ይሄድና መቀርቀሪያዋን ይነካል፤ ተሰብራ እጁ ላይ ትቀራለች። ከዚህ በኋላ የሚያቆመው የለም። «ይፈነዳል!» እያለ ይጮኻል፣ ጠብ ይነሣል፣ አስተናጋጆች ይገባሉ። በግርግሩ ሰባት ሰዎች ከአውሮፕላኑ ይወርዳሉ፤ ስድስት ተማሪዎችና አንዲት መምህርት። ጥቂት ቆይቶ በማረፊያው መስኮት በኩል እያዩት አውሮፕላኑ አየር ላይ ይፈነዳል።

«ፋይናል ዴስቲኔሽን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሚጀምረው እንዲህ ነው። መጋቢት 2000 ለዕይታ በቃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ጄምስ ዎንግ፣ አሌክስን ሆኖ የተወነው ዴቨን ሳዋ ነው። 23 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ112 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ እስከ 2025 ድረስም አምስት ተከታይ ክፍሎች ተሠርተውለታል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ፊልሙ ሰውን በምን አስፈርቶ እንዲህ ዘለቀ የሚል ነው። ለመመለስ መጨረሻውን መንገር ግድ ስለሚሆን፣ ፊልሙን ለማየት ያሰበ አንባቢ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ገዳይ የሌለበት ግድያ

በዘመኑ የወጣቶች አስፈሪ ፊልም ማለት ጭምብል ያጠለቀ፣ ቢላ የያዘ ሰው ማለት ነበር። «ሃሎዊን» በ1978 መንገዱን ከፈተ፤ «ስክሪም» በ1996 እንደገና አሞቀው። ተመልካቹ ሕጉን ለምዶታል፤ ገዳይ አለ፣ ማንነቱ ይታወቃል፣ በመጨረሻ አንዲት ጎበዝ ልጅ ታሸንፈዋለች።

«ፋይናል ዴስቲኔሽን» ገዳዩን አወጣው። ጭምብል የለም፣ የሚያሳድድ ሰው የለም። ከአውሮፕላኑ የወረዱት ወጣቶች አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ የሚገድላቸው ግን የመታጠቢያ ቤት ውሃ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ በመንገድ የሚያልፍ አውቶቡስ ነው። ሞት ራሱ ገጸ ባሕርይ ሆኗል፤ ፊት፣ ድምፅና ቅርጽ ግን አልተሰጠውም። ቢበዛ ነፋስ ሽው ሲል ወይም መስታወት ላይ ጥላ ሲያልፍ ይታያል።

እኛ ዘንድ ሰው ከአደጋ ሲተርፍ «ቀኑ አልደረሰም» ይባላል። ፊልሙ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። የሰባቱ ቀን ደርሶ ነበር፤ በቦታው ያልተገኙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሞት ቀሪ ሒሳብ አለው።

ይህን ሕግ የሚነግራቸው ብለድወርዝ የሚባል አስከሬን ገናዥ ነው። ሞት ዕቅድ አለው፤ ዕቅዱ ሲበላሽ መልሶ ያስተካክለዋል። አሌክስ ደግሞ የፍንዳታውን መንገድ ከመቀመጫዎቹ አቀማመጥ ጋር ሲያመሳክር አንድ ነገር ይገባዋል። የሚሞቱት በተራ ነው፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀርተው ቢሆን እሳቱ በሚደርስባቸው ቅደም ተከተል። አንዱን በተራው ላይ ቢያተርፉት ሞት ያልፈውና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ማለፍ ግን ምሕረት አይደለም፤ ዙሩን ጨርሶ ይመለሳል።

ልጁ ይህን ሁሉ ማወቁ ክብር አላስገኘለትም። ቀድሞ ያየ ሰው ሟርተኛ ይመስላል። የጓደኛው አባት ዓይንህን አያሳየኝ ይለዋል፣ የፌዴራል ፖሊስ ይጠረጥረዋል፣ ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው ልጆች ሳይቀሩ ይሸሹታል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የታሪኩ ጀማሪ ጄፍሪ ሬዲክ የተባለ ጸሐፊ ነው። መነሻው ያነበበው አንድ ወሬ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ለዕረፍት የሄደች ሴት እናቷ ደውላ ቀልቤ አልወደደውምና በነገው አውሮፕላን አትሳፈሪ ትላታለች፤ ልጅቱ በረራዋን ትቀይራለች፤ ልትሄድበት የነበረው አውሮፕላን ይወድቃል። ሬዲክ ይህን ይዞ በመጀመሪያ የጻፈው «ኤክስ ፋይልስ» ለሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ይሆናል ብሎ ነበር። በኋላ ራሱን የቻለ ፊልም እንዲያደርገው ተመከረ። ጽሑፉን ተረክበው እንደገና የሠሩት ጄምስ ዎንግና ግሌን ሞርጋን ደግሞ የ«ኤክስ ፋይልስ» ጸሐፊዎች የነበሩ ናቸው። ጽሑፉ ሳይላክ የቀረበት ቤት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ወሰዱት ማለት ይቻላል።

ፊልሙ ሲወጣ ግን አሜሪካውያን ተመልካቾች ያስታወሱት ሌላ ነገር ነው። ሐምሌ 17 ቀን 1996 የቲደብሊውኤ በረራ ቁጥር 800 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ ተነሥቶ ከ12 ደቂቃ በኋላ ከሎንግ አይላንድ ዳርቻ አየር ላይ ፈነዳ። 230 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ መካከል ሞንቱርስቪል ከምትባል የፔንሲልቬንያ ትንሽ ከተማ የተነሡ 16 የፈረንሳይኛ ክበብ ተማሪዎችና አብረዋቸው የነበሩ 5 አዋቂዎች ይገኙበታል። በፊልሙ ያለው በረራ ቁጥሩ 180 ነው፤ መነሻው፣ መድረሻው፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የተማሪዎቹ ጉዞ ግን ያንኑ አደጋ ያስታውሳል። አንዳንዶች ይህን ድፍረት ብለው ወቅሰውታል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የሚገርመው የእውነተኛው አደጋ ምርመራ ውጤት ነው። መርማሪዎቹ የመጨረሻ ድምዳሜያቸውን ያሳወቁት ፊልሙ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ነሐሴ 2000 ነው። ቦምብም ሚሳይልም አልተገኘም። በመካከለኛው የነዳጅ ታንክ የተጠራቀመ የነዳጅ ተን ተቀጣጠለ፤ ለእሳቱ ይበልጥ የሚገመተው ምክንያት የኤሌክትሪክ ሽቦ መነካካት ነው። ሽቦ፣ ብልጭታ፣ ተን፦ እያንዳንዱ ብቻውን ትንሽ ነገር ነው፤ ተያይዘው ግን 230 ሰው ጨረሱ። ፊልሙ የሚያስበውም ልክ እንደ አደጋ መርማሪ ነው። ልዩነቱ፣ መርማሪ ከአደጋው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ፊልሙ ከትንሿ ነገር ተነሥቶ ወደ ፊት ያስቆጥረናል።

የሻይ ኩባያው

ይህ አሠራር ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው መምህርቷ ወይዘሪት ሉተን ቤት ነው። ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ከተማውን ለቅቃ ልትሄድ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው። ሻይ ታፈላና ኩባያ ውስጥ ትቀዳለች። ኩባያው ላይ የትምህርት ቤቱን አርማ ስታይ የሞቱት ተማሪዎቿ ይታወሷታል፤ ሻዩን ትደፋና በምትኩ በረዶ ያለው ቮድካ ትቀዳበታለች። ትኩስ ኩባያ ቀዝቃዛ ሲነካው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚወርደው ጠብታ ኮምፒዩተሯ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ፣ ፍንዳታውን፣ በጠብታው መንገድ የሚከተላትን እሳት፣ ከጠረጴዛው ጫፍ የሚወድቀውን ቢላ፣ የጀመረው ያ ኩባያ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ከብዙ ዓመት በፊት አስረድቶት ነበር። ጠረጴዛ ሥር ቦምብ ሳይታሰብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡን አስቀድመህ ብታሳየው ግን የተቀመጡት ሰዎች ሲያወሩ ሙሉውን ጊዜ ይጨነቃል። «ፋይናል ዴስቲኔሽን» ቦምቡን ሳይሆን ቤቱን በሙሉ ያሳየናል። ሶኬቱ ይሆን? ምድጃው? ቢላው? ተመልካቹ ከገጸ ባሕርይዋ ቀድሞ ቤቱን ይፈትሻል፤ ማለትም ራሱ አሌክስ ሆኗል። ፊልሙ ለዚህ ዕውቀት ውለታ ሲመልስ ከተማሪዎቹ አንዱን ሂችኮክ ብሎ ሰይሞታል። አሌክስ ብራውኒንግና መምህርት ሉተንም የድሮ አስፈሪ ፊልም ሠሪዎችን ስም ተውሰዋል።

ፍርሃቱ ከሲኒማ ቤት ተከትሎን የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ገዳይ ቤታችን የለም፤ ኩባያ ግን አለ። በ2003 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ከጭነት መኪና ላይ የሚፈታ ግንድ አውራ ጎዳናውን ያተራምሰዋል። ያን ያየ ብዙ ሰው ግንድ ከጫነ መኪና ኋላ መንዳት ይፈራል። አዲስ አበባ ውስጥም ፌሮ ብረት ከኋላው ተንጠልጥሎ የሚሄድ አይሱዙ ሲያይ ርቀቱን የሚጠብቅ ተመልካች አይጠፋም፤ እሱ እንኳ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

ቀድሞ ማየት አለ ወይ?

ጥያቄውን በጥሞና የመረመረ አንድ ሐኪም ነበር። ጥቅምት 1966 ዌልስ ውስጥ አበርፋን በምትባል መንደር የከሰል ማዕድን ጥራጊ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ፤ 144 ሰዎች ሞቱ፣ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ጆን ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም አደጋው ቀድሞ የታያቸው ካሉ እንዲጽፉለት በጋዜጣ ጠየቀ፤ 76 ደብዳቤዎች ደረሱት። በቀጣዩ ዓመት ሰዎች ሕልማቸውን አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚያስመዘግቡበት ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ከነገሩ በኋላ «ታይቶኝ ነበር» ማለት ቀላል ነውና። ውጤቱ ግን ደካማ ሆነ። ከተመዘገበው አብዛኛው አልደረሰም፤ አደጋን አስቀድሞ ማስቀረትም አልተቻለም።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ቀልባችን ያልወደደው ጉዞ በሰላም ሲያልቅ እንረሳዋለን፤ አንዱ ሲገጥም ዕድሜ ልካችንን እናወራዋለን። ባርከር ግን በቀላሉ የማይረሳ ነገር ትቶ ሄደ። ትንቢት ከሚልኩለት ሰዎች መካከል ለራሱ ሕይወት እንዲጠነቀቅ ያስጠነቀቀው ነበር፤ ሐኪሙ በ1968 በአንጎል ደም መፍሰስ ሞተ። ማስጠንቀቂያው ደርሶት ምን ማድረግ ይችል ነበር? ፊልሙ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ፓሪስ

ፊልሙ በመጀመሪያ የተቀረጸለት መጨረሻ ሌላ ነበር። አሌክስ የሚወዳትን ልጅ ክሊርን ለማዳን ይሞታል፤ እሷም የእሱን ልጅ ትወልዳለች። የሙከራ ተመልካቾች አልወደዱትም፤ ፊልሙም አዲስ መጨረሻ ተቀረጸለት። በአዲሱ ከስድስት ወር በኋላ የተረፉት ሦስቱ ወጣቶች አመለጥን ብለው ደስታቸውን ሊያከብሩ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ፓሪስ ነው። እዚያም አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ምልክት ተገንጥሎ ይወዛወዛል፤ አሌክስን ይስተዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይመለሳል፤ ስክሪኑ ይጨልማል።

የፊልሙ ስም «የመጨረሻ መዳረሻ» ማለት ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰሌዳ ቃል። ልጆቹ ከበረራ 180 ወርደው፣ ያን ሁሉ ሸሽተው፣ በመጨረሻ በገዛ ገንዘባቸው ትኬት ቆርጠው የደረሱት በረራ 180 ሊወስዳቸው ወደነበረበት ከተማ ነው።

ይህ ታሪክ ከሲኒማ እጅግ ይቀድማል። የአይሁድ ታልሙድ ስለ ንጉሥ ሰሎሞን እንዲህ ይተርካል። ንጉሡ አንድ ቀን መልአከ ሞትን አዝኖ ያየውና ለምን እንዳዘነ ይጠይቀዋል። «ከአንተ ጋር ያሉትን ሁለት ጸሐፊዎች እንድወስድ ታዝዣለሁ» ይለዋል። ሁለቱን ሰዎች ታልሙዱ ኩሻውያን ይላቸዋል። ሰሎሞን ሊያድናቸው ሞት ወደማይገባባት ሎዛ ወደምትባል ከተማ ይልካቸዋል፤ በሯ ላይ ሲደርሱ ይሞታሉ። በማግሥቱ መልአኩን ደስ ብሎት ያገኘዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ሰዎቹን እንድወስድ የታዘዝኩት ከዚያ ቦታ ነበር፤ አንተ ራስህ ላክህልኝ ይላል። ለጥበበኛው ንጉሥ ያልተሳካውን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጠበቅ ከባድ ነው።

ተከታዮቹ ክፍሎች ይህን መጨረሻ ለማላላት ብዙ መውጫ ሞክረዋል። ሁለተኛው አዲስ ሕይወት ዕቅዱን ያፈርሳል አለ፤ በ2011 የወጣው አምስተኛው ደግሞ የሌላውን ነፍስ ያጠፋ የሟቹን ቀሪ ዕድሜ ይወርሳል አለ። መውጫዎቹ ሁሉ ዞረው ይዘጋሉ፤ አምስተኛው እንዲያውም ተመልካቹን መልሶ የሚያደርሰው በረራ 180 ውስጥ ነው።

ገናዡን ብለድወርዝን የተጫወተው ቶኒ ቶድ ነው፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ ሞት እንዴት እንደሚሠራ ለወጣቶች ሲያስረዳ የኖረ ተዋናይ። ስድስተኛው ክፍል ሲቀረጽ ታምሞ ነበር፤ ከስቶ ይታያል። ዳይሬክተሮቹ በመጨረሻው ትዕይንቱ የተጻፈለትን ትቶ ለተመልካቹ ከልቡ የሚለውን እንዲል ጠየቁት፤ ስለ ሕይወት ውድነት ተናገረና ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ኅዳር 2024 አረፈ፤ ፊልሙ የታየው በማግሥቱ ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ለ25 ዓመት ማምለጫ ሲጠይቁት የኖሩት ሰዎች ያን ቀንም ጠይቀውት ነበር። እሱ ግን ስለ ማምለጥ አልነበረም የተናገረው፤ ስለ ቀሪው ጊዜ ነበር።