የአልማዝ ደብተር (ክፍል 5)

ባለፈው ሳምንት፦ አልማዝ የምትሠራበት የአረጋውያን እንክብካቤ ኤጀንሲ የባልደረባዋን የእትዬ ሰናይትን ሺፍት በሙሉ ነጠቀ። አልማዝንም «ነገ ቢሮ ነይ» አሏት።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። አልማዝ ጋደም ካለችበት ወንበር ተነሥታ ወደ አሮጊቷ ክፍል ገባች። ሰፊውን ቀበቶ ወገባቸው ላይ አሰረች፤ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ቆጠረችና አነሣቻቸው። የ88 ዓመት ሰው ሲታይ ቀላል ነው፤ እግር ሲከዳ ግን ክብደቱ ሁሉ የአንሺዋ ወገብ ላይ ያርፋል። ገላቸውን አጠበች፣ አንሶላውን ለወጠች፣ እስኪያሸልባቸው እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ደብተሯን አወጣች፦ «ከሌሊቱ 9፡10 እስከ 9፡55።»

እሷ የምትጽፈው በሐበሻ ሰዓት ነው። በሳምንት 60 ሰዓት ይሞላል። የሚከፈላት በሰዓት 18 ዶላር ሲሆን ስድሳውም ሰዓት በዚያው በ18 ተባዝቶ ይመጣል። ከአሮጊቷ ቤት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን ወዳሉት ሌላው የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ቤት በአውቶቡስ የምትሄድበት 50 ደቂቃ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም።

ሒሳቡን ያሳዩዋት እትዬ ሰናይት ናቸው። «ከ40 በላይ ያለው በአንድ ተኩል ነው ልጄ፤ 27 ዶላር። በየሰዓቱ 9 ዶላር ቀረብሽ ማለት ነው። 20 ሰዓት አለሽ፤ በሳምንት 180። የሁለት ዓመቱ 18,720 ዶላር ይሆናል። የፌዴራሉ ሕግ ወደ ኋላ የሚያስጠይቀው ሁለት ዓመት ነው፤ አውቀው ከበደሉሽ ሦስት። ዝም ባልሽ ቁጥር ከኋላ አንድ ሳምንት ይወድቅብሻል።»

እትዬ ሰናይት ፍሪጃቸው ላይ የለጠፉት ፎቶ አለ፤ የኤቭሊን ኮክ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኮንግረስ የቤት ውስጥ ሠራተኞችን በደመወዝ ሕጉ ሲያቅፍ፣ አረጋውያንን «የሚያጫውቱ» ያላቸውን ከውጭ አስቀራቸው። ሰው ተሸክሞ ማንሣት ጨዋታ ተባለ! ጃማይካ የተወለደችው ኮክ ኒውዮርክ ውስጥ ዕድሜዋን ሰው ስታነሣና ስታጥብ ኖራ ለኦቨርታይሟ ከሰሰች፤ በ2007 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ፈረዱባት። በ2009 ሞተች። ኤጀንሲዎች እንዲከፍሉ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2013፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። እሷ አላየችውም። በ2025 ጁላይ ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ያንኑ ደንብ ለመሰረዝ ሐሳብ አቀረበ። እትዬ ሰናይት ሺፍታቸውን ያጡት ይህን ሁሉ ለሥራ ባልደረቦቻቸው በመናገራቸው ነው።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አልማዝ ቢሮ ደረሰች። ሥራ አስኪያጇ ሐበሻ ናት፤ ስማ ተቀበለቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ያው ፎርማሊቲ ነው። የድሮው ኮፒ ደብዝዟል፤ እንደገና ፈርሚልን።»

አልማዝ ቀስ ብላ አነበበች። ወረቀቱ ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር ነሽ ይላል፤ ራስሽን ቀጣሪ ነሽ፣ ኦቨርታይም አይመለከትሽም። ሺፍቷን የሚያወጣው ማን ነው? ዋጋዋን የሚቆርጠውስ? «ፊርማ ሕጉን አይሽረውም» ብለዋታል እትዬ ሰናይት። እውነት ነው፤ ግን የእትዬ ሰናይትም ሺፍት ሕግ እያለ ነው የተነጠቀው። የቤት ኪራይ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«ለምን እኔ ብቻ?» አለች አልማዝ።

«ሁሉም እየፈረሙ ነው። አንቺ ደግሞ ከሴትየዋ ጋር አትግጠሚ፤ ልጆች አሉሽ።»

ስልኳ ጠራ። ሥራ አስኪያጇ እያወራች ወጣች፤ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ትታ።

አልማዝ በሩን አየች። ከዚያ ፋይሉን በአንድ ጣቷ ወደ ራሷ ሳበችው። ደብዝዟል የተባለው ወረቀት ጥርት ያለ ነው። ከታች ስሟ ተጽፎ ተፈርሞበታል፤ ፊርማው ግን የእሷ አይደለም። ቀኑን አነበበች፦ ኖቬምበር 14፣ 2023።

በዚያ ቀን አልማዝ አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ የእናቷን ዐርባ እያወጣች ነበር። ፓስፖርቷ ላይ የቦሌ ማኅተም አለ።

የሥራ አስኪያጇ የጫማ ድምፅ ወደ በሩ ተመለሰ። የአልማዝ ስልክ እጇ ላይ ነው፤ ካሜራው ተከፍቷል።

ይቀጥላል