የባሌ ተራሮችና የቀይ ቀበሮ ሜዳ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ብሔራዊ ፓርክ ማለት እንስሳቱ፣ ዕፅዋቱና መልክዓ ምድሩ በሕግ የሚጠበቁበት ክልል ነው። የባሌው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው በተለይ ቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ከጥፋት ለመታደግ ነበር፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኙም። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ተራራውን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈሰሰው ቅልጥ አለት ተደራርቦ ደጋውን ከፍ አደረገው፤ በኋላ በቅዝቃዜው ዘመን የበረዶ ግግር አናቱን ሸፈነው። ዛሬ ሳነቴ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያው ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ፀሐዩ ይከራል። ከአጫጭሩ ቁጥቋጦ በላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ጅብራ ብቻ ነው።

ለሚያልፍ ሰው ሜዳው ባዶ ይመስላል፤ ነዋሪው ግን አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ትልቁ የባሌ ፍልፈል በዓለም ላይ መኖሪያው ይህ ተራራ ብቻ ነው። ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ በመሆናቸው ከጉድጓዱ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ብቅ ብሎ በአፉ ሣር ይነጭና ወደ ኋላ እየተሳበ ይገባል። ቀይ ቀበሮ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነው፤ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እያደባ ይጠጋና በድንገት ይወረወራል። ቀበሮዎቹ ክልላቸውን በመንጋ ይጠብቃሉ፤ ወደ አደን ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይወጣል፤ አንድ ፍልፈል ለመንጋ አይዳረስምና። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። በመላ አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ስለጨረሳቸው የአካባቢውን ውሾች መከተብ ከጥበቃው ዋነኛ ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ከሳነቴ በስተደቡብ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። መጀመሪያ አስታ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ዘሪ የበቀለ ቡና ይገኛል። ቀርከሃው ለባሌ ጦጣ ዋና ቀለቡ ነው።

የዌብ፣ የወልመልና የዱማል ወንዞች ምንጭ ይኸው ደጋ ነው፤ በቆላው የሚኖረው አርብቶ አደር፣ ከሶማሊያ ድንበር ማዶ ያለው ጭምር፣ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚህ በሚወርድ ውሃ ነው። በፓርኩ ውስጥ የሚሰማራው ከብትና የሚሰፍረው ሰው እየበዛ ሲሄድ የፍልፈሉ ሣርም ዝናቡን ይዞ የሚያቆየው አፈርም አብረው ይጎዳሉ።