አቦልን ያያት የለም

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሰማይ ዜናዎች ሰማች። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ከመቶ በላይ ለሆኑ አገሮች አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 7 ስሞቹ ይፋ ሲሆኑ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ እሱን የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች። ሁለቱ ዜናዎች ከዚያ ወዲህ በወሬ ተደባለቁ፤ ኢትዮጵያ አዲስ ዓለም አገኘች፣ ፎቶዋም አለ፣ ሰው ሊኖርባትም ይችላል ሲባል ይሰማል። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ሳተላይቷ የተሠራችው ወደ ታች፣ እርሻውንና ደኑን እንድታይ እንጂ ወደ ከዋክብት እንድትመለከት አልነበረም። አቦልን ያገኟት ደግሞ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ናቸው፤ ግኝቱን ያሳወቁትም ስሟ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬውን ማረም ደስታውን መቀማት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማምነው፤ ደስታውን የሚቀማን ማጋነኑ ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ግኝት ድንቅነት ያለው በተገኘበት መንገድ ውስጥ ነው።

ከፎቶው እንጀምር። አቦልን እስካሁን በዓይኑ ያየ የለም፤ በቴሌስኮፕም ያየ የለም። በየስልኩ የሚዞሩት ባለቀለም ምስሎች የሠዓሊ ግምት ናቸው። ታዲያ መኖሯ በምን ታወቀ? የቡና ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ሲበተን በመካከሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ መስመር በኮከቡ ውስጥ ያለ የአንድ ንጥረ ነገር ምልክት ነው፤ የብረትም አለበት። ተመራማሪዎቹ እነዚህን መስመሮች ለዓመታት ሲከታተሉ ወደ ሰማያዊው፣ መልሰው ወደ ቀዩ ሲንሸራተቱ አገኟቸው። ይህም ኮከቡ ራሱ አንዴ ወደ እኛ፣ አንዴ ከእኛ ወዲያ እንደሚንቀሳቀስ ይነግራል። ፍጥነቱ በሴኮንድ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የመስመሮቹ መንሸራተትም ከሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው። ይህ ምልልስ ወደ 1000 ቀን በሚጠጋ ጊዜ አንድ ዙር ይሞላል። ኮከቡን በዚህ ልክ የሚጎትተው ነገር ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚገባ ሲሰላ፣ ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አቦል ማለት ይህች ስሌት ናት። ፎቶ ቢኖር ኖሮ ለማመን ዓይን በበቃን ነበር፤ ፎቶ ባለመኖሩ የሰው ልጅ የማያየውን ነገር መዝኖ ማወቁን እናያለን።

ሌላው ሥር የሰደደ እምነት የከፍታ ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለችው ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4500 ሜትር ያልፋል። በኅዳር ወር ደመናው ከተገፈፈ በኋላ በሰሜን ተራሮች ላይ የሚያድር ሰው ከዋክብቱ የቀረቡት ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጨረቃ እንኳ 384000 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው፤ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል መውጣት ከዚህ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በከፍታ የሚለወጠው ከራስ በላይ የሚቀረው አየር ነው። በራስ ደጀን ጫፍ ላይ ከአጠቃላዩ አየር ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእግር በታች ቀርቷል፤ ብርሃንን የሚያደበዝዘው እርጥበትና አቧራም አብሮ ቀንሷል። እንጦጦ ላይ በ3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሁለት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች የተተከሉት፣ ከአዲስ አበባ መብራት ለመሸሽም በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ለወደፊት ምልከታ የተጠኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜን ግርጌ ደግሞ ከከፍታውም የሚበልጥ፣ ብዙም የማይነገርለት ጸጋ አለው። ደባርቅና ዳባት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያቸዋል። የዋልታው ኮከብ በሊማሊሞ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ የፀሐይ የቅርብ ጎረቤት የሆነው አልፋ ሴንታውሪም በወቅቱ በደቡብ በኩል ብቅ ይላል። በአውሮፓ ያሉ ታዛቢዎች አልፋ ሴንታውሪን ጨርሶ አያዩትም፤ በቺሊ ላሉት ደግሞ ቡና ወደ አድማሱ ያዘነብልባቸዋል። ክረምቱ ግን ይህን ጸጋ ይሸፍነዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለሰማይ ተመልካች የባከኑ ወራት ናቸው።

«ወደዚያ እንሄዳለን» ለሚለው ተስፋ መልሱ ርቀቱ ነው። ቡና 196 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ አንዱ የብርሃን ዓመት 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የተላከችው ቮዬጀር 1 በያዘችው ፍጥነት ወደዚያ ብትጓዝ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። በሰሜን ታሪክ ሲለካ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ የሚደርሰን የቡና ብርሃን የተነሣው ደጃዝማች ውቤ ሰሜንን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በጃን አሞራ ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የወጣው ብርሃን ገና መንገድ ላይ ነው፤ የሚደርሰው በ2043 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቢደረስስ ምን ይገኛል? አቦል ግዙፍ የጋዝ ዓለም ስለሆነች እግር የሚያርፍበት መሬት የላትም። ምሕዋሯም እጅግ የተለጠጠ ነው፤ ከኮከቧ በጣም ስትርቅ ያለው ርቀት በጣም ስትቀርብ ካለው አራት እጥፍ ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ ማንሣት ያለብኝ ሌላ ተረት አለ። ቡና የሚገኘው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነች። ይህን ኮከቡ የኢትዮጵያ ለመሆኑ እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ አይጠፋም። ግሪኮች ግን በዚያ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ነበር፤ መገጣጠሙ ደስ ቢልም ስለ ሰማይ የሚያስረዳን ነገር የለም።

«ሕይወት ተገኘ» የሚለው ዜና ከሁሉም ፈጥኖ ይሠራጫል። በ2025 እ.ኤ.አ. የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኬ2-18ቢ በተባለች፣ 124 የብርሃን ዓመት በምትርቅ ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ፣ በምድር ላይ በባሕር ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት የሚመረት ጋዝ ምልክት ማግኘታቸውን በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ተመርኩዘው ገለጹ። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ማረጋገጫ አላሉትም ነበር። ሌሎች ያንኑ መረጃ እንደገና ሲተነትኑት ምልክቱ ደካማ ሆኖ ታያቸው። ሳይንስ ወላወለ የሚል ወቀሳ ይሰማል፤ ለእኔ ግን ሊታመን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከስድስት ሺህ በላይ የሆኑት የተረጋገጡ ፕላኔቶች በሙሉ መዝገብ የገቡት እንዲህ ያለውን ፍተሻ አልፈው ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ የእህል ነው። ጃን አሞራና ጠለምት በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በድርቅ ተጎድተዋል፤ ዳባትና ደባርቅም ጦርነት ደጃቸው ደርሶ አይተዋል። ለዚህ ሕዝብ ስለ አቦል ማውራት ምን ይፈይዳል? አቦል ገብስ አታበቅልም፤ ታበቅላለች ብሎ መከራከርም አሳፋሪ ነው። ጥያቄው ግን እውቀቱን ከሩቅ ዓለማት ጋር ብቻ የተጣበቀ ያደርገዋል። የቡናን ብርሃን በየቀለሙ የከፋፈለው ጥበብ ሳተላይት ላይ ሲጫን ሰብልን ይመረምራል፦ ጤነኛ ቅጠል ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ ብርሃን አብዝቶ ያንጸባርቃል፣ ውኃ የተጠማ ቅጠል ግን ያንን ይቀንሳል። የድርቁ ስፋት ከሰማይ የሚለካው በዚህ ነው። መለካት እርዳታ ማድረስ አይደለም፤ ድርቁ ታይቶም እህሉ ሊዘገይ ይችላል። ያ ግን የአስተዳደር ጥፋት ነው፣ ኮከብ ያጠና ተማሪ የሚጠየቅበት አይደለም። የደባርቅ ተማሪ ይህን ጥበብ ከነስሌቱ እንዲማር የምፈልገውም ለኮከቡም ለሰብሉም ስለሚሆነው ነው።

በኅዳር መጨረሻ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ቡና ከደባርቅ በስተ ሰሜን ከፍ ብሎ ይወጣል። በባዶ ዓይን አይታይም፤ ተራ የእጅ መነጽርና የከዋክብት ካርታ ግን ይበቃሉ። አቦል አትታይም። ክብደቷም ገና አልተቆረጠም፦ እስካሁን ያልነው «ከአራት እጥፍ በላይ» ዝቅተኛው ግምት ነው፣ ምክንያቱም መስመሮቹ የሚናገሩት ወደ እኛና ከእኛ ወዲያ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ምሕዋሯ ወደ እኛ ምን ያህል ዘንበል እንዳለ እርግጠኛ ለመሆን ኮከቡ ወደ ጎን የሚያደርገውን መንቀሳቀስ መለካት ያስፈልጋል፤ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር የከዋክብትን ቦታ ለዓመታት ስትመዘግብ የቆየችው እንዲህ ላለው ልኬት ጭምር ነው።